ለመኖሪያ ቤት ሳይት የደህንነት ዕቅድ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ አላችሁ?

ቤት_ሠሪ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የምንሠራው መኖሪያ ቤት ነው። ባለ አንድ ፎቅ፣ ቢበዛ ባለ ሁለት ፎቅ። ቋሚ ሠራተኞቻችን ጥቂት ናቸው። የቀረውን ሰብ ኮንትራክተር ነው የሚሠራው። ቆፋሪው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ አናጺው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ለሳኙ፣ ሁሉም በየተራው ይመጣል፣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል።

የደህንነት ዕቅድ አለን። ወረቀት ነው። አዲስ ሥራ ሲጀመር የባለቤቱ ስምና አድራሻው ይቀየርበታል፣ ይታተማል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም። ነገሩ ሲያሳስበኝ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ ሳይት ላይ የሆነው ነገር ግን ጭራሽ እንቅልፍ ነሳኝ። የአንደኛው ፎቅ የደረጃ ክፍተት በኮምፔንሳቶ ተሸፍኖ ነበር። ሌላ ቡድን ገባና ኮምፔንሳቶውን ለሥራ ጠረጴዛ ብሎ አነሳው። በማግስቱ አንድ ልጅ ዕቃ እየጎተተ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠርዙ ላይ ደረሰ። ጓደኛው ጮሆ ባያቆመው ኖሮ ወድቆ ነበር።

ዕቅዱን አውጥቼ አየሁት። «ክፍተቶች በሙሉ ይሸፈናሉ» ይላል። ተሸፍኖም ነበር እኮ! ሽፋኑ የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ሲነሳ በምን እንደሚተካ ግን የትም አልተጻፈም።

አሁን አንድ ሻጭ ስልክ ላይ የሚሠራ አፕ አሳይቶኛል። ቼክሊስት አለው፣ ፎቶ ይቀበላል፣ ሪፖርት ያወጣል። አንድ የማውቀው አርክቴክት ደግሞ «ቢም ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ይለኛል፤ ቢም የሚለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን የቤቱን ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ነው። እንደኔ ላለ ትንሽ ኮንትራክተር የትኛው ነው የሚጠቅመው? ኔትወርክ የሌለበት ሳይት ላይስ እንዴት ይሆናል? ማንበብ የሚቸግራቸው ሠራተኞችም አሉን። ቆንጆ ሪፖርት ምን ያደርግልኛል፣ ሰው እንዳይወድቅብኝ ነው የምፈልገው። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።

ሳይት_መሐንዲስ መለሰ፦

ወንድሜ፣ «የማን ነው፣ መቼ ይነሳል፣ በምን ይተካል» ያልከው ራሱ ዕቅድ ነው። የፋይልህ ዕቅድ ያልሠራው ከቀን ጋር ስላልተያያዘ ነው። ያንኑ ጽሑፍ ስልክ ላይ ብትጭነው ለውጥ አይኖረውም።

ስለዚህ የሻጩን አፕ ለጊዜው ተወውና የሥራ ፕሮግራምህን፣ ማለትም የትኛው ሥራ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ ክፈት። ኤክሴል ላይ ቢሆን ግድ የለም። ፕሮጀክትሊብሬና ጋንትፕሮጀክት የሚባሉ በነፃ የሚወርዱም አሉ። እያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ሦስት ዓምድ ጨምር። አንዱ ላይ ሥራው የሚፈጥረውን አደጋ ጻፍ። ሁለተኛው ላይ ከመጀመሩ በፊት ምን ተዘጋጅቶ መገኘት እንዳለበት። ሦስተኛው ላይ በዓይኑ አይቶ «ይጀመር» የሚለው ሰው ስም። እዚህ ሦስተኛው ላይ «ኮንትራክተሩ» ወይም «ሁሉም» ተብሎ ከተጻፈ ባዶ ነው ብለህ ቁጠረው።

የአንተኑ ክፍተት እንየው። ፕሮግራሙ ላይ «የአንደኛ ፎቅ ፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ መያዣ) ማንሳት» የሚል መስመር አለ አይደል? ክፍተቱ ገደል የሚሆነው ያን ቀን ነው። የሚዘጋው ደግሞ ቋሚው ደረጃ ከነመደገፊያው ሲተከል ነው። በመሀል ስንት ሳምንት ያልፋል! በነዚያ ሳምንታት ኤሌክትሪሺያኑም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ ለሳኙም እዚያው ወለል ላይ ይመላለሳሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ አንድ ሥራ ፕሮግራሙ ላይ አስገባዋለሁ። «የደረጃ ክፍተት፣ አንደኛ ፎቅ» ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን በቀይ እስላለሁ። ከዚያ የትኛው ቡድን ከቀዩ መስመር ጋር በአንድ ቀን እንደሚውል ማንም ሰው በአንድ እይታ ይገባዋል። አዲስ ቡድን ሊገባ ሲል መስመሩን አሳየዋለሁ፣ ሽፋኑ ጋ ይዤው እሄዳለሁ፣ ይረከበኛል።

ፕሮግራሙን ስትከፍት ሌላም የምታየው ነገር አለ። አንዳንዱን አደጋ ከነጭራሹ ማስቀረት ይቻላል። ደረጃውን ከሶሌታው (ከወለሉ ኮንክሪት) ጋር አብሮ መሙላት ከተቻለ ክፍተቱ ለሳምንታት አይቆይም። የጣሪያውን ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከመውን ማዕቀፍ) መሬት ላይ ገጣጥሞ በክሬን ማንሳት ከተቻለ ሰው ከፍታ ላይ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል። በሙያው የታወቀው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። መጀመሪያ አደጋውን አስወግድ፣ ካልቻልክ ቀላል በሆነ ተካው፣ ከዚያ አጥር ወይም ሽፋን፣ ከዚያ የአሠራር ደንብና ሥልጠና፣ ሄልሜትና ቀበቶ መጨረሻ። ብዙዎቹ አፖች ግን ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት፤ ምክንያቱም «ሄልሜት አድርጓል?» የሚለው ራይት ለማድረግ ይቀላል። አፑ ውስጥ ስለ ሥራ ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ነገር ከሌለ እኔ አልገዛውም።

የሶሌታ ሙሌትንም አትርሳ። 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ እርጥብ ኮንክሪቱ ብቻ በካሬ ሜትር 360 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያ ላይ ፌሮው፣ ሰዉ፣ የሚገፋው ጋሪ ወይም የፓምፑ ቱቦ አለ። ድጋፎቹ ልቅ አፈር ላይ ከቆሙ ወይም ወደ ጎን ካልተያያዙ ሙሌቱ መሀል ላይ ይናዳል። እዚህ መስመር ላይ ሁለተኛው ዓምድ «ድጋፎቹ ከሙሌቱ በፊት ባለው ቀን ታይተዋል፤ በሙሌቱ ሰዓት ከሥር ማንም አይገባም» ይላል። ሦስተኛው ላይ የአንድ ሰው ስም። ያ ሰው ካላጸደቀ የኮንክሪት መኪናው አይጠራም። ሶፍትዌር የምትገዛ ከሆነ ይህንን ማገድ የሚችል ግዛ።

ሞዴል_ሠሪ መለሰ፦

እኔ ቤት ሬቪት በሚባለው የቢም ሶፍትዌር ነው የምስለው፤ ስለ ቢሙ ልመልስልህ። አርክቴክቱ እውነት አለው፤ «ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ማለቱ ግን አልተዋጠልኝም። ለአንድ ቤት ደህንነት ብለህ ከባዶ ተነስተህ ሞዴል አሠራ አልልህም። ቤቱ ቀድሞውንም በሬቪት ወይም በአርኪካድ ተስሎ ከሆነ ግን ሥራው ግማሽ አልቋል፤ ፋይሉን ጠይቅ። አይኤፍሲ በሚባለው ክፍት የፋይል ዓይነት ይላክልህ። ቦንሳይ የሚባለው ሶፍትዌር፣ ድሮ ብሌንደርቢም ይባል የነበረው፣ ያለ ክፍያ ይከፍትልሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። ሞዴሉ የሚያሳይህ ያለቀውን ቤት ነው። ሰው የሚወድቀው ግን ካላለቀው ቤት ላይ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ደረጃው አለ፣ የበረንዳው መከለያ አለ፣ መስኮቱ መስታወት አለው። ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ለዚህ ነው ከጊዜ ጋር ማያያዝ የሚያስፈልገው። በሙያው 4ዲ ይሉታል፤ እያንዳንዱን የቤት አካል ከሚሠራበት ቀን ጋር ማሰር ማለት ነው። ናቪስወርክስ የሚባለው ሶፍትዌር ይህንን ያደርጋል። ቀኑን ወደ ፊት ስትገፋው ግድግዳው ሳይቆም፣ መከለያው ሳይገባ ቤቱ ምን እንደሚመስል ታያለህ። በየትኛው ሳምንት የትኛው ጠርዝ ክፍት እንደሆነ ፍንትው ብሎ ይታይሃል። ሳይት መሐንዲሱ በቀይ መስመር ያለው ነገር በምስል ሲመጣ ማለት ነው።

ሶሊብሪን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሞዴሉን በደንብ ይፈትሻሉ። «ከዚህ መጠን የሚበልጥ የወለል ክፍተት ካለ ለይተህ አውጣ» ትለዋለህ፣ ያወጣልሃል። ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ሕንፃ በተለይ። ለባለ አንድ ፎቅ ቤት ግን ክፍተቶቹን በዓይንህም ትቆጥራቸዋለህ። በዚህ መጠን ላለ ሥራ ገንዘብ ባላወጣበት እመርጣለሁ።

ይልቅ ጊዜያዊ ነገሮችን ሳላቸው። ስካፎልዱን (ሠራተኛ የሚቆምበትን መወጣጫ)፣ የጠርዝ አጥሩን፣ የአሸዋና የጠጠር ክምሩን፣ መኪናው የሚቆምበትን፣ የተቆፈረውን አፈር፣ ከሁሉም በላይ ከላይ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መስመር። ስኬችአፕ የሚባለው የመሳያ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል፤ ስኬሉ ትክክል ይሁን እንጂ ማማር አያስፈልገውም። አሜሪካኖቹ ስካፎልድም ሆነ ክሬን እስከ 50 ኪሎቮልት ከሆነ ሽፋን የሌለው የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ይራቅ ይላሉ። ይህንን ርቀት በመስመሩ ዙሪያ እንደ ቱቦ አድርገህ ሳለው። ስካፎልዱ ቱቦው ውስጥ ከገባ ወዲያው ታያለህ። ረጅም ፌሮ ወይም የብረት መሰላል ይዞ የሚዞር ሰው ሲጨመርበት አደጋው የት እንደሚደርስ አስበው። ይህንን ወረቀት ላይ ለሰው ከማስረዳት ማሳየቱ በጣም ይቀላል።

ማንበብ ስለሚቸግራቸው ሠራተኞች ላነሳኸውም መልሱ እዚሁ አለ። በየሳምንቱ አንድ ምስል አትም። የዚያን ሳምንት ቤት፣ ክፍት ጠርዞቹ በቀይ፣ መሄጃው በአረንጓዴ። መግቢያው ላይ ለጥፈው። ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ማንም አያነብም፤ ስዕል ግን ሁሉም ቆም ብሎ ያያል።

ደግሞ ዲዛይኑ ሳያልቅ ከደረስክበት አርክቴክቱን ጠይቀው። የጣሪያው ዙሪያ መከለያ ግንብ ትንሽ ከፍ ቢል፣ ወደ 1.1 ሜትር፣ ራሱ የጠርዝ አጥር ይሆንልሃል። ዛሬ ለሠራተኛው፣ ነገ ጣሪያ ሊጠግን ለሚወጣው። እዚህ ላይ የሚቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሳይት ላይ ከሆነ በኋላ ግን የሚጨመር እንጨት፣ ሰውና ቀን ነው።

የድሮ_ፎርማን መለሰ፦

ልጆች፣ ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ደግሞ መሬት ላይ የሚሆነውን ልጨምር፤ ኮምፒውተሩ የማያየው ብዙ ነገር አለ።

አፕ ገብቶ የነበረበት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። የቼክሊስቱ ጥያቄ ብዛቱ ለጉድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም በሥርዓት ይሞላል። ከዚያ አንዱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ ራይት ራይት ያደርገዋል። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ይላል። ስካፎልዱ ጋ ስትሄድ ደግሞ ሳንቃው አልታሰረም። ለዚህ ነው ጥያቄው ትንሽ ይሁን የምላችሁ። በቀን አምስት እንኳ ብዙ ነው። ግን እያንዳንዱ የዚያን ቀን ሥራ ይጠይቅ። ዛሬ ጣሪያ ከሆነ ስለ ጣሪያ፣ ዛሬ ቁፋሮ ከሆነ ስለ ቁፋሮ። ቆፋሪ በሌለበት ቀን ስለ ጉድጓድ የሚጠይቅ ቼክሊስት ሰዉን ሳያይ ራይት ማድረግ ያስለምደዋል።

ፎቶም ሲጠየቅ ምን እንደሚነሳ ይገለጽ። «የሽፋን ፎቶ» ብትል ከሩቅ አንስቶ ይልክልሃል። «ሚስማሩ የሚታይ ፎቶ» በለው። ሽፋን በሚስማር ካልተመታ ሽፋን አይደለም፤ ወጥመድ ነው። የረገጠው ሰው አብሮት ይወርዳል። ላዩ ላይ ደግሞ በቀለም ይጻፍበት ወይም ትልቅ ኤክስ ይደረግበት፣ ከሥሩ ጉድጓድ እንዳለ ሌላው እንዲያውቅ። ኮምፔንሳቶህን ያነሳው ሰው እኮ ክፉ ሰው አይደለም። የተረፈ እንጨት ነው የመሰለው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ሠራተኛው ሁሉ ስልክ ያውጣ የሚል ሥርዓት አልወድም። ስካፎልድ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያይ ሰው ያስፈራኛል። አንድ ሰው ይያዝ፣ መሬት ላይ ሆኖ ይሙላ። ሌላው በቃል ይንገረው። ወይም በቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ ይላክ፤ መጻፍ የማይችለውም መናገር ይችላል። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ከኋላ ያለው መሰላል ይንሸራተታል» ብሎ የሚልከው የአምስት ሰከንድ ድምፅ ከብዙ ፎርም ይበልጥብኛል።

ግን ያንን ድምፅ የላከው ልጅ «ለምን ሥራ አስቆምክ» ተብሎ ከተቆጡት፣ ወይም ፎቶው ለመቅጫ ከዋለ፣ በቃ ጨረስክ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይልክልህም። ግሩፑ ጸጥ ይላል፣ አለቃው ደግሞ ሰላም ሆነ ብሎ ያስባል። ይህንን ከልቤ ነው የምነግራችሁ። የተናገረውን ሰው አመስግኑት፣ በሰው ፊት አመስግኑት፣ ያለውን ደግሞ የዚያኑ ቀን አስተካክሉለት።

ስለ መሰላል ካነሳን አይቀር፣ ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ያወጣው የመሰላል አፕ አለ፣ በነፃ ነው። ስልኩን መሰላሉ ላይ ስታስጠጋው ዘመሙ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል። ደንቡ ወደ ላይ አራት ከሆነ ከሥር አንድ ማራቅ ነው፣ 75 ዲግሪ ገደማ። የመሰላሉ ጫፍ ከምትወጣበት ወለል በላይ 90 ሳንቲሜትር ያህል ይለፍ፣ ስትወርድ የምትይዘው እንዲኖርህ። አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ግን የሚጠቅም አፕ ይህ ነው። ለወጣቶቹ አሳየኋቸው፣ አሁን በዓይናቸው ብቻ ይለዩታል።

ቤት_ሠሪ መለሰ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እናንተም ወንድሞቼ። በሚስማር ያልተመታ ሽፋን ወጥመድ ነው ያሉት ልቤ ውስጥ ገብቷል።

አሁን የገባኝ አፑን ከመምረጤ በፊት ፕሮግራሙን ማስተካከል እንዳለብኝ ነው። ሁለት ነገር ግን አልጠራልኝም። አንደኛ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ምን ልጠቀም? ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አደጋ ባለመድረሱ እንዳልል፣ ትንሽ ሳይት ላይ ደግነቱ አደጋ ሳይደርስ ብዙ ወር ይሄዳል። ያ ማለት ግን በደንብ እየሠራን ነው ማለት አይደለም።

ሴፍቲ_ባለሙያ መለሰች፦

ሁለተኛው ጥያቄህ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፤ ከእሱ ልጀምር። የተሞላ ፎርም አትቁጠር። ሁለት ነገር ቁጠር። የተገኘ ችግር ተስተካክሎ እስኪዘጋ ስንት ቀን ቆየ? ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተዘጋውስ ስንቱ ነው፣ ከተጀመረ በኋላ የተዘጋውስ? የጠርዝ አጥሩ ሠራተኛው ጠርዙ ላይ ከመድረሱ በፊት ከቆመ ዕቅድህ ሠርቷል። በኋላ ከቆመ በዕድል ነው ያለፋችሁት፣ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም «ተስተካክሏል» ቢሉም። ይህንን ለማወቅ ሁለት ቀን ብቻ መመዝገብ ይበቃል። ችግሩ የታየበትና የተዘጋበት። ኤክሴል ቀሪውን ያሰላልሃል።

ለኔትወርኩ ኮቦቱልቦክስ (ባጭሩ ኮቦ) የሚባለውን የፎርም መሙያ ሶፍትዌር ተመልከት። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ትሞላለህ፣ ፎቶም ይይዛል፣ ኔትወርክ ስታገኝ ይልከዋል። ጥያቄውን በአማርኛም በሌላ ቋንቋም ማዘጋጀት ትችላለህ። የተሰበሰበውን ወደ ኤክሴል አውጥተህ መውሰድም ይቻላል። ሻጩን የምታናግረው ከሆነም እነዚህኑ ጠይቀው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል ወይ? በቋንቋችን ይሆናል ወይ? መረጃዬን ብተው ይዤው እሄዳለሁ ወይ? በተለይ የመጨረሻውን በጽሑፍ ይስጥህ።

አሁን ማንም ስላላነሳው ስለ ቁፋሮ። ቤት ነው ብለን የምንንቀው ነገር ይህ ነው፤ ለመሠረት ወይም ለፍሳሽ ቧንቧ የሚቆፈር ጠባብ ቦይ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.5 ቶንና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ወገቡ ድረስ የተቀበረ ሰው እንኳ በራሱ መውጣት አይችልም፤ ደረቱ ድረስ ከሆነ ደግሞ መተንፈስ ያቅተዋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ከ1.5 ሜትር ጀምሮ ጠንካራ አለት ካልሆነ በቀር ግድግዳው መደገፍ ወይም ወደ ውጭ ተዳፋት ሆኖ መቆረጥ አለበት ይላል። ከዚያ ያነሰ ጥልቀት ቢኖረውም የመናድ ምልክት ካለ እንዲሁ። የተቆፈረው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ። ከ1.2 ሜትር ጀምሮ መውጫ መሰላል ይኑር፣ ሠራተኛው እሱ ጋ ለመድረስ ከ7.6 ሜትር በላይ እንዳይሄድ።

ሶፍትዌር እዚህ ላይ የሚጠቅመው ዝናብን ከሥራው ጋር ሲያያይዝ ነው። ትናንት ደህና ነው የተባለ ቦይ ማታ ዝናብ ካደረ ዛሬ ሌላ ቦይ ነው። ደንቡም ከዝናብ በኋላ እንደገና ይታይ ይላል። እኔ ቀላል ነገር ነው ያደረግሁት። ፎርሙ ጠዋት «ማታ ዘንቧል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ የቦዩ ምርመራ ጥያቄዎች ይከፈታሉ፣ እነሱ ሳያልቁ «ግቡ» የሚለው አይመጣም። ኮቦ ላይ በመልሱ መሠረት ቀጣዩን ጥያቄ መክፈትና መዝጋት ይቻላል፣ ፕሮግራመር አያስፈልግህም።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹም ልበል፤ አሁን ብዙ ሰው ዕቅዱን በእነሱ ነው የሚያጽፈው። ረቂቅ ለማውጣት፣ የረሳኸውን ለማስታወስ ይጠቅማሉ። ግን ስለ ሳይትህ ካልነገርከው ለየትኛውም ቤት የሚሆን ጽሑፍ ነው የሚሰጥህ፣ ያው ፋይልህ ውስጥ ያለውን ዓይነት። ከፎቶ አደጋ የሚለዩትም እንደዚያው። ሄልሜት ያላደረገ ሰው ፎቶው ላይ ይታያል። የድጋፉ እግር ሥር ያለው አፈር መራሱን ግን ሰው ሄዶ በእግሩ ካልረገጠው አይታወቅም።

የአገርህንም ሕግ አንብብ። ቤት ትንሽ ሥራ ነው ብለን እንዘናጋለን እንጂ ሕጉ ሁልጊዜ እንደዚያ አያይም። የብሪታንያው የ2015 የግንባታ ደንብ፣ ሲዲኤም የሚሉት፣ ሰው ለራሱ የሚያሠራውን መኖሪያ ቤትም ይጨምራል፤ የባለቤቱ ግዴታም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኮንትራክተሩ ያልፋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም በግንባታው ወቅት ደህንነት እንዴት እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት።

ጣሪያ_ላይ መለሰ፦

እኔ ጣሪያ ሠራተኛ ነኝ፤ ባጭሩ ልናገር። ሁሉም «ቀበቶ አድርግ» ይለኛል። አደርጋለሁ። የት ልሰረው? ብዙ ሳይት ላይ መልስ የለም። ያልተመታ እንጨት ላይ ብታስረው ይዞህ ነው የሚወርደው። ገመዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ሳይወጠር መሬት ትደርሳለህ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ይህ በጣም ይቻላል፣ ከፍታው ትንሽ ስለሆነ።

ያ ሁለተኛው ዓምድ ላይ «የማሰሪያ ቦታው የት ነው» የሚል ይግባልኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ተተክሎ፣ ሸክሙን የሚያውቅ ሰው አይቶት። ደግሞ ብወድቅና ቀበቶው ቢይዘኝ ማን ነው የሚያወርደኝ፣ በምን? ተንጠልጥሎ መቆየት ራሱ ሊገድል ይችላል። አምቡላንስ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም።

ሴፍቲ_ባለሙያ መለሰች፦

@ጣሪያ_ላይ ትክክል ነህ፣ እኔም መጻፍ ነበረብኝ። የማውረጃው ዕቅድ ከፍታ ላይ የሚሠራ መስመር ሁሉ አጠገብ ይኑር። የትኛው መሰላል፣ የት ተቀምጧል፣ ማን ያመጣዋል። የሳይቱ መገኛ በካርታ ሊንክ ግሩፑ ላይ ከላይ ተሰክቶ ይቀመጥ። አዲስ የሚሠራ ሰፈር ላይ አምቡላንስ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል።

ቤት_ሠሪ መለሰ፦

እሺ፣ እንዲህ ልጀምር ነው። የሚቀጥለው ቤት ፕሮግራም ላይ ሦስቱን ዓምድ አስገባለሁ፣ ክፍት ጠርዞቹን በቀይ። ጣሪያው ጋ የማሰሪያ ቦታና ማውረጃ። ኮቦ ላይ በቀን ጥቂት ጥያቄ፣ ስልኩ በአንድ ሰው እጅ። ድምፅ በቴሌግራም። ሞዴሉን ከአርክቴክቱ እጠይቃለሁ፣ ካለ የሳምንቱን ምስል አትማለሁ። የሻጩን አፕ ለጊዜው አልገዛም።

አንድ የቀረኝ ነገር። ሰብ ኮንትራክተሮቹ «ሽፋንና አጥር የኔ ሥራ አይደለም፣ አልተከፈለኝም» ቢሉኝስ? ይላሉም።

ሳይት_መሐንዲስ መለሰ፦

እውነታቸውን ነው፣ አልተከፈላቸውማ። ዋጋ ስትጠይቃቸው የሥራ ዝርዝሩ ላይ የራሱ መስመር አድርገህ አስገባው። የጠርዝ አጥር በሜትር፣ የክፍተት ሽፋን በቁጥር፣ የቦይ ድጋፍ በካሬ ሜትር። ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ማን ያነሳዋል ብለህ ጻፍበት። በጠቅላላው «ደህንነት» ብለህ በአንድ ድምር ካስገባኸው ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በዝርዝር ከሆነ ግን የተቆረጠው ነገር ስም አለው፣ ልትከራከርለት ትችላለህ።

ለአናጺው ስጠው። ፎርምወርኩን የሚያነሳው እሱ ስለሆነ ክፍተቱን ሳይሸፍን አይውጣ፤ የፎርምወርክ ክፍያው ሽፋኑ በሚስማር መመታቱ ከታየ በኋላ ይለቀቅ። ሌላ ቡድን ማንሳት ካስፈለገው ላንተ ሰው ይደውል፣ ሰውየው እዚያው ቆሞ ይጠብቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይመታ። የውሉን አንቀጽ ስትጽፍ እዚህ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን።